የተቃጠለ ዘይት

ከአኖ ወደ ነቀምት በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ስለ ውሻቸው ቁስል ከጎናቸው ላለችው ሴትዮ ያወሩ ነበር።

«ታፋው ላይ ፀጉሩ ረግፎ ያዣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባሁት።»

«ውሻ ነው ወይስ የበር ማጠፊያ፣ ኦቦ?»

«ሁሉም ሰው የሚቀባው እሱን ነው!»

«ሁሉም ሰው ውሻውን ያቃጥላል ማለት ነዋ! ሲልሰው ደግሞ ይመርዘዋል። ዙሪያውን ፀጉሩን ቆርጠው፣ በጨው ውሃ አጥበው፣ አድርቀው የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዱት። የት ነው የሚያድረው?»

«ደጅ ታስሮ ነዋ።»

«በዚህ ዝናብ? ቆዳው ሳይደርቅ እንዴት አይቆስል! እስቲ እርስዎ በእርጥብ ሸሚዝ ይደሩ!»

«ውሻ እኮ ነው፣ አዴ!»

«አፍ ቢኖረውማ ይረግምዎት ነበር!»

ጠዋት ከውሻዬ ዘንድ ተመልሼ ደጋግሜ ብታጠብም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ያልለቀቀውን እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።