ደህና ናቸው

ፀጉር ቆራጩ ሱቁን ጎርፍ ከወሰደበት ወዲህ የሚሠራው ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ፣ የተሰነጠቀ መስታወት ግድግዳ አስደግፎ ነው። ያን ቀን ጢሙን ሊላጭ የመጣው፣ ባለፈው ወር የርዳታ ድርጅት እንግዶችን ይዞ የዞረው አስተርጓሚ ታናሽ ወንድም ነበር። ፀጉር ቆራጩ ፎጣ ጣል አደረገለት፣ ጉንጩን በሳሙና አረፋ ሸፈነና ምላጩን አነሳ።

«እንዴት አደርክ ወንድሜ? ቤተሰብ ሰላም? ሰማዩ ዛሬ ጠራ መሰለኝ... አትናገር፣ ይቆርጥሃል።

«እኔ እኮ ሞኝ ነኝ። እንግዶች ጉዳታችንን ሊያዩ ይመጣሉ ሲባል ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወንዱን ሁሉ አሰልፌ በነፃ ላጨሁት። ሰው ፊት ጎፍሮ ይቀረባል እንዴ ብዬ። ጎርፉ ያወረሰንን ጉስቁልና እኔ በምላጬ ጠርጌ ጣልኩት። ሚስቴም ቀሚስ ተውሳ ለበሰች። ሠርግ የተጠራን ነበር የምንመስለው።

«የእንግዶቹ አለቃ ‹እንዴት ናችሁ?› ስትለኝስ? ‹ደህና ነን፣ ተመስገን› አልኳት። ቤቴ ሄዷል፣ ልጄ የወንዝ ውሃ ጠጥታ ሆዷን ይዛ ተኝታለች፣ እኔ ግን ደህና ነኝ... አፌ ለምዶበት።

«የሚያስተረጉም አንድ ሰው ነበር፤ አንተ አታውቀውም። ታማኝነቱ ለጉድ ነው። አልጨመረ፣ አልቀነሰ፤ ‹ደህና ናቸው› አላት። እሷም ደስ ብሏት መኪናዋ ውስጥ ገባች። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። ታናሽ ወንድምየው ምራቁን ሊውጥ አስቦ ተወው።

«ከወንዙ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር ያሉትም ተጎድተዋል፤ አይካድም፣ ጓሯቸው ረጥቧል። እዚያ አንዲት እናት ‹እህ› አሉ ይባላል። እህ ብቻ። ሰውየው ያቺን ‹እህ› ተርጉሞ እስኪጨርስ እንግዳዋ መሐረቧን አረጠበች። አማቱ ናቸው መሰለኝ... እኔ ምን አውቃለሁ? ይኸው ድንኳኑም የውሃ ማጣሪያውም እዚያው ተራገፈ። መኪናውም ቢሆን በአስፋልት እንጂ በጭቃ ምን አንከራተተው? ደግሞስ ደህና ነን እያልን ምን እንሁን ብለን ነው የምናኮርፈው?»

ፀጉር ቆራጩ የታመመችው ልጁ ትዝ ስትለው ምላጩን ቶሎ ከሰውየው አንገት አራቀ። አረፋውን በፎጣው ጫፍ ቀስ አድርጎ ጠረገለት።

«ጨረስን፣ ያምርብህ። ሂሳቡን ተወው። ያን ሰው ድንገት ካገኘኸው... ፀጉር ቆራጩ መርቆሃል በልልኝ። ፈጣሪ ክፉ ቀን አያሳየው። ካሳየውም ግን... ችግሩን የሚያስተረጉምለት፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ታማኝ ሰው አያሳጣው።»