ከእንጦጦ የተመለሰው ኮፈን
(የአቶ ወንድይራድ አካሉ ዜና ሕይወት)

«ልጄ፣ ቁልቁለት ስትወርድ መኪናውን በፎሌ አትልቀቀው።» ይህ የአባታቸው የአቶ አካሉ ኃይለ መስቀል ቃል ነበር። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መኪናን በራሱ ክብደት ማንከባለል ክፉ ልማድ ነው እያሉ፣ መንጃ ፈቃድ ላለውም ለሌለውም፣ ማዕድ ላይ ሳይቀር ይደጋግሙት ነበር። ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አቶ ወንድይራድ ይህን ቃል እየሰሙ አደጉ፤ ምክንያቱን ግን ያወቁት አባታቸውን ከቀበሩ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

አቶ ወንድይራድ ከአባታቸው ከአቶ አካሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ የማርያምወርቅ በ1958 ዓ.ም. ኮተቤ ተወለዱ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው የኪዳነ ምሕረት ተሳላሚዎችን በአረንጓዴ ፊያታቸው አድርሰው ከእንጦጦ ሲወርዱ ባሕር ዛፍ ገጩ ተባለ። ወዲያው ደግሞ «ጅማ ሥራ ሄደዋል» ተብሎ ሁለት ዓመት ከቤት ጠፉ፤ ሲመለሱ ጠጉራቸው ሸብቶ ነበር። ፊት ለፊቷ የረገፈውን ፊያት ግቢው ጥግ ሸራ አልብሰው አቆሟት፤ ልጅ እንኳ ገብቶ እንዲጫወትባት አልፈቀዱም።

ቤቱ ስለተቸገረ አቶ ወንድይራድ ትምህርታቸውን ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው ጋራዥ ገቡ፤ የተጨማደደ የመኪና አካል በመዶሻ እየቀጠቀጡ ወደ ቅርጹ የሚመልሱ፣ በሙያው ስም ባትላሜራ ሠሪ ሆኑ። በ1986 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺሃረግን በቅዱስ ቁርባን አግብተው ሃይሚንና ዮፍታሔን ወለዱ።

አባታቸው በ1992 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ፣ አርባቸው እንደወጣ፣ እናታቸው «ያቺን መኪና ሸጣችሁ ገላግሉኝ» አሉ። እርሳቸው ግን «እማዬ፣ አስነስቼ በእርሷ ኪዳነ ምሕረት ካላደረስኩሽ ልጅሽ አይደለሁም» ብለው ተሳሉ። እናትየው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ማንም አልጠረጠረም።

ከዚያ በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መዶሻ የማይሰማበት ቀን አልነበረም። ወይዘሮ የሺሃረግም «ለእርሷ የገዛኸውን ቀለም ያህል ለእኔ ቅባት ገዝተህልኝ አታውቅም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሁለቱን የጎማ መከለያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ከበርሜል ላሜራ ቀጥቅጠው አወጡ፤ አንዱን በር ከአሮጌ ብረት ነጋዴ አገኙ። የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ፣ ግን አልገኝ አለ። ሦስት ጊዜ ቀጥቅጠው ሦስት ጊዜ ጣሉት፤ የአፍንጫዋ ጉብታ በመዶሻ አልመጣ አላቸው።

የካቲት 16 ቀን 1996 ዓ.ም. እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው በእግራቸው ሲወርዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለ አንድ የገበሬ ግቢ፣ በጥጃ ጎጆ ላይ ጣሪያ የሆነ አረንጓዴ ብረት አዩ። ጎንበስ ብለው ከሥሩ ሲመለከቱ በአባታቸው የእጅ ጽሑፍ፣ በነጭ ቀለም፣ «ኪዳነ ምሕረት ጠብቂን» ይላል። ከደስታቸው ብዛት «እንዴት ዋላችሁ»ን እንኳ ረሱ፤ ገበያ እንደገባ ሰው፣ እንጨት ይፈልጡ ለነበሩት ለባለቤቱ ለአቶ ኢዶሳ «ይህን በሁለት አዲስ ቆርቆሮ ይቀይሩልኝ» አሏቸው።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«የአባቴ መኪና ኮፈን ነው።»

«አባትህ ማን ይባላል?»

«አካሉ።»

መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። «ውጣ» አሉ አቶ ኢዶሳ፤ «ይኼ እጄ ላይ ሳለ ውጣልኝ።»

ቤታቸው ገብተው እናታቸውን ጠየቁ። ወይዘሮ የማርያምወርቅም ሠላሳ ዓመት የያዙትን አወጡት። የተገጨው ባሕር ዛፍ አልነበረም። አቶ አካሉ ያን ቁልቁለት በፎሌ ሲወርዱ ፍሬኑ ከድቷቸው፣ እንጨት ተሸክመው የሚሄዱትን የአቶ ኢዶሳን እናት፣ ወይዘሮ ወርቄን ገደሉ፤ በግጭቱ የተነቀለው ኮፈንም እዚያው ቀረ፤ ጅማ የተባለውም እስር ቤት ነበር። ከተፈቱ በኋላ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው፣ ከአጥሩ ሥር ደርሰው ሳይገቡ ተመለሱ። ያንን ዕዳ ይዘው ሞቱ።

አቶ ወንድይራድ ቀሪውን ዐቢይ ጾም መዶሻ አልነኩም። ወይዘሮ የሺሃረግ «ሁለት ልጅ አለህ፣ ሰውየው መጥረቢያ ይዞ ነው ያስወጣህ፣ አትሂድ» ብለው አለቀሱ። እርሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ የሚፈልጉት ኮፈኑን ሳይሆን የአባታቸውን ነፍስ ዕረፍት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እናታቸውንና የነፍስ አባታቸውን አባ ዘመንፈስቅዱስን አስከትለው ወጡ፤ አቶ ኢዶሳ ደጅ ሲደርሱ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ።

ሦስት ሰዓት ነበር። ውሻው ጮኸ። አቶ ኢዶሳ መጥረቢያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ፣ አዩ፣ ተመልሰው ገቡ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። አባ ዘመንፈስቅዱስ «ልጄ፣ ሌላ ቀን ይሻላል» ቢሏቸውም አልተነሡም፤ ጉልበታቸው ደምቶ ነበር። እናታቸው ፀሐይ ላይ ቁጭ እንዳሉ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስድስት ሰዓት ሲሆን አቶ ኢዶሳ ባዶ እጃቸውን ወጡና ተናገሩ። ያን ቃል አቶ ወንድይራድ «ስሞት በመጨረሻ ይነበብልኝ» ብለው አደራ ስላሉ እናቆየዋለን።

ኮፈኑን ከአቶ ኢዶሳ ጋር ሁለት ሆነው በትከሻቸው አወረዱት፤ ለጥጆቹም አዲስ ጣሪያ አብረው መቱ። በዓመቱ የካቲት 16 እናታቸው ከኋላ፣ አቶ ኢዶሳ ከፊት ተቀምጠው ስእለቱ ደረሰ። ሲመለሱ ሞተሩ እየጮኸ በሁለተኛ ማርሽ ወረዱ፤ ወይዘሮ ወርቄ የወደቁበት ቦታ ሲደርሱ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ይህም እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድ ዓመት አልታጎለም።

የረጅም ዘመን የቀለም ጢስ ሳንባቸውን ጎድቶት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታመሙ፣ ጠበልም ሕክምናም ሲከታተሉ ቆይተው፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን ወይዘሮ የማርያምወርቅን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺሃረግን፣ ልጆቻቸውን ሃይሚንና ዮፍታሔን፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ከፊት የተሸከሙትን ወንድማቸውን አቶ ኢዶሳን ትተው ሄደዋል። ፊያቷም ደጅ ላይ ቆማለች። መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ የወይዘሮ ወርቄንና የአቶ አካሉንም ነፍስ በአንድነት ያስብልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ አሜን።

አቶ ኢዶሳ ያን ቀን፣ ገና ባዕድ ሳሉ፣ ድንጋይ ተሸክመው ለተንበረከኩት ለአቶ ወንድይራድ የተናገሩት ቃል ይህ ነው፦

«ባለፈው ልትገዛ መጣህ፣ ዛሬ ግን ልታለቅስ መጣህ። ይህን ብረት ሠላሳ ዓመት ያልሸጥኩት አንድ ቀን ከእናንተ ሰው ይመጣል ብዬ ነው። በል ድንጋዩን አውርድ፣ እናትህንም ከፀሐይ አስገባት፤ እናቴን አብረን እናልቅሳት።»