የቅዳሜው ሰልፍ

ከወረታ በተነሳው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት እናት አጠገቧ የተቀመጡትን ባለ ወታደር ካፖርት ሽማግሌ ጠየቀች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ለተማሪዎቹ የወታደር ሰልፍ በነጻ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እህቴ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ።»

«ልጄ ማነከስ ጀመረብኝ። ወጌሻው ግን ‹እግሩ ደኅና ነው› አለ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«‹አሥር አለቃ ሲሰለፉ እንዲህ ነው የሚረግጡ› አለኝ ልጁ ራሱ። ጓደኞቹም ሁሉ እንደዚያው ናቸው።»

ሰውየው ጉልበታቸውን ያዝ አደረጉ።

«ጥይት ነው። ለካ እኔን እያዩ ኖሯል… እንግዲያ ሌላ ሰው ይፈለግላቸው።»

«ኧረ እኔስ ይተዉ አላልሁም! ይህ ልጅ ከእርስዎ በቀር የማንን ቃል ሰምቶ ያውቃል? ብቻ ቆመው ይዘዙ፤ ከፊት አይሂዱ።»

«ከፊት መሄድ ነው የለመድሁት።»

ሽማግሌው ቁሐር ሚካኤል ፌርማታ ላይ ሲወርዱ፣ እግራቸውን ላለማየት ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርሁ።