ስድስት ሰዓት ላይ የሚንኳኳው መስኮት

በችግር ስላደግሁ፣ ሥራ ከመጣልኝ እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ካዛንቺስ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ በግሌ እየተረጎምኩ እውላለሁ። አከራዬ እትዬ አስካለ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቴን ያንኳኳሉ። «አንተ ልጅ፣ ሳትሻግት ውጣና ፀሐይ ሙቅ!» ይሉኛል። ዞር ሳልል «እሺ፣ መጣሁ» እላለሁ። አልወጣም።

አንድ ሐሙስ በሰዓቱ መስኮቱ ተንኳኳ። እንደ ልማዴ «እሺ፣ መጣሁ» አልኩ። በዚያው ቀን ማምሻውን ሥራውን ጨርሼ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ብወጣ፣ በሩ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ልጃቸው ታምሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«እማዬን ማክሰኞ ቀበርናት» አለኝ። «ልንጠራህ መስኮትህን ስናንኳኳ ‹እሺ፣ መጣሁ› አልከን። አፈር እንኳ ሳታለብሳት ቀረህ።»

አንገቴን ደፋሁ። «ዛሬም ስድስት ሰዓት ላይ አንኳኩታችሁልኝ ነበር» አልኩት።

«ዛሬ?» አለ። «ዛሬማ ሁላችንም እዚሁ ድንኳን ውስጥ ነው የዋልነው።»

ይኸው እስካሁን፣ ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ኮምፒውተሬን ዘግቼ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። መስኮቱ እስኪንኳኳ አልጠብቅም።