የቦይለሩ ፋይል

(ዱከም፣ የአንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ። የእንፋሎት ማመንጫው ቦይለር ውሃ ልኩን ከሚያሳየው መስታወት ጠፍቷል፤ የቦይለር ክፍል ኃላፊው አቶ እንግዳወርቅና ቻይንኛ አስተርጓሚዋ ትርሲት የፋብሪካው ኢንጂነር በቻይንኛ ጽፎ የተወላቸውን መመሪያ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው አፍጥጠዋል።)

ትርሲት፦ እጅዎን ከማውሱ ያንሱ ጋሼ! «ሴቭ» ካሉት አለቀለት።

እንግዳወርቅ፦ ምኑ ነው የሚያልቅለት? ካሬና ጥያቄ ምልክት ብቻ እኮ ነው!

ትርሲት፦ እኛ ጋ ነው እንዲህ የሚታየው እንጂ ፋይሉ ደህና ነው። እንደዚሁ ከተቀመጠ ግን ካሬ ሆኖ ይቀራል።

እንግዳወርቅ፦ ልጆቼ ታች ቦይለሩ ጋ የውሃውን ቫልቭ ይዘው ቆመዋል። ውሃ ይጨምሩ ወይስ አይጨምሩ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ትርሲት፦ ለኢንጂነር ሊን እንደውልለት?

እንግዳወርቅ፦ አውሮፕላን ላይ ነው አልኩሽ! «ችግር ሲገጥማችሁ ይህን አንብቡ» ብሎ ትቶልን የሄደው ይሄንኑ ነው።

ትርሲት፦ እንግዲያው እስከዚያ እሳቱን ያጥፉት።

እንግዳወርቅ፦ ጨርቁ ቀለም ውስጥ ገብቶ? የቀኑን ሥራ ገደል ልክተተው?

ትርሲት፦ ቆይ፣ ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚያነብበትን ኮድ ልቀይር... ይኸው።

እንግዳወርቅ፦ ተመስገን፣ ቻይንኛ ሆነ! በይ አንብቢ።

ትርሲት፦ አይነበብም።

እንግዳወርቅ፦ እንዴት አባቱ አይነበብም? ቻይንኛ አይደለም እንዴ?

ትርሲት፦ ፊደሉ ቻይንኛ ነው፣ ቃል ግን አልሠራም። «ሀበዠጰ» ቢሉኝ ፊደሉ የኛ ነው፤ ምን አሉ ታዲያ?

እንግዳወርቅ፦ አላውቅም ማለት ቸግሮሽ ነው! በቃ፣ ስልኬን አምጪ።

ትርሲት፦ ሊን ያደገው የት ነው?

እንግዳወርቅ፦ አሁን የሰው አገር መጠየቂያ ሰዓት ነው? ታይዋን ሲል ሰምቻለሁ።

ትርሲት፦ ምነው ቀድመው በነገሩኝ! እዚያ የሚጽፉት በሌላ ኮድ ነው። ይጠብቁኝ፣ ልቀይረው...

እንግዳወርቅ፦ ሃሎ፣ ደሳለኝ? ስማ፣ ውሃውን ቀስ እያልክ ክፈት።

ትርሲት፦ መጣ! «ውሃው ከመስታወቱ ከጠፋ ፈጽሞ ውሃ እንዳትጨምሩ፤ ቦይለሩ ይፈነዳል። መጀመሪያ እሳቱን አጥፉ።» ጋሼ!

እንግዳወርቅ፦ ተው! ደሳለኝ ተው፣ እንዳትነካው! እሳቱን አጥፉና ሁላችሁም ውጡ! ሁላችሁም!

ትርሲት፦ ከፍቶት ነበር?

እንግዳወርቅ፦ እጁን ሲያሳርፍበት ነው የደረስኩበት።

ትርሲት፦ ይቀመጡ ጋሼ።

እንግዳወርቅ፦ እኔን ተዪኝ። የቀረውን አንብቢልኝ የኔ ልጅ፣ በዝግታ። አንቺ ሳትጨርሺ እዚያ ታች ማንም ምንም አይነካም። እኔም ጭምር።