የወይዘሮ ዚልፋ ቢል ቤትና የደረጃው ገመድ

እህቴን የበደላቸውን ሰው አስቀድሜ ልጥራ፤ ድዋይት ይባላል፣ የባላቸው የወንድም ልጅ ነው፣ ይኸው በቀብራቸው ዕለት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ያልቅስ።

እህቴ ወይዘሮ ዚልፋ ቢል ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ከሚያጠምዱት ከአቶ አሞስና ከወይዘሮ ሌቲ በዚሁ በሜይን የባሕር ጠረፍ ተወልደው፣ ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ ሰርዲን ፋብሪካ ገብተው፣ የዓሣ ራስ በመቀስ ሲቆርጡ ጣቶቻቸው በፕላስተር ተጠቅልለው ኖረዋል። ጀልባ ሠሪውን ኮርቢን ቢልን አግብተው፣ ልጅ ባይወልዱ ወላጆቹን ያጣውን ድዋይትን አሳደጉ። ኮርቢን ካረፉ በኋላም ባላቸው በሠሩት ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ታዲያ በበረዶው ወራት ከደረጃ ወድቀው እስኪነጋ ወለል ላይ ቢያድሩ፣ ድዋይት ለደረጃው የእጅ መደገፊያ በመግጠም ፈንታ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ “አክስቴ ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም፤ ሞግዚት ይሾምላቸውና አረጋውያን መኖሪያ ይግቡ” ብሎ አመለከተ። ፍርድ ቤቱም ደኅንነታቸውን የሚያይ ሰው ላከ፤ ሰውየው የብሉቤሪ ኬካቸውን በልቶ፣ አመስግኖ፣ ችሎት ቆሞ “የሚበጃቸው መኖሪያው ነው” አለ። እህቴ ብድግ ብለው፣ “ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሰውዬ የሚበጀኝን ነገረዎት፤ የምፈልገውን የሚነግርዎትስ ማን ነው?” አሉ። ዳኛዋም፣ የእህቴ መብት ነውና፣ ችሎቱን አቋርጠው መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ አቆሙላቸው።

ጠበቃዋ ቴሪዮ ትባላለች፤ ደረጃውን ስትወጣ ራሷ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈች።

“እውነቱን ልንገርዎት እማማ፣ እኔ እዚህ ቤት አንድ ሌሊት አላድርም።”

“ማን እደሪ አለሽ?”

“ችሎት የምናገረው ግን የእኔን ሐሳብ አይደለም፣ የእርስዎን ነው።”

“እንግዲያው ተቀመጪ፣ ኬክ ብዪ። አንቺስ በልተሽ አትሸጪኝም።”

እንዳለችውም ተናገረች። የድዋይት ጠበቃ “ቢያንስ መደገፊያ ያሠራሉ?” ብሎ ቢጠይቅ፣ እህቴ “ታዝዤ ከሆነ አንድ ሚስማር አይመታም!” ብለው የራሳቸውን ጠበቃ ጭንቅላቷን አስያዟት። ዳኛዋ ግን፣ መውደቅ አእምሮ ማጣት አይደለም ብለው ማመልከቻውን ውድቅ አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት በቤታቸው ኖረው፣ ልባቸው ደክሞ፣ ባለፈው ማክሰኞ በገዛ አልጋቸው ዐረፉ። የተዉት እኔን፣ ድዋይትን፣ ሚስቱን ኮራንና ማንንም የማትወድ ድመታቸውን ነው። አምላክ ነፍሳቸውን ማንም “ተነሺ፣ ልቀቂ” በማይላቸው ስፍራ ያኑርልን።

ከቀብር መልስ እህል ልትቀምሱ ወደ ቤታቸው ስትወጡ፣ የደረጃውን ገመድ ያዙ። ከፍርዱ ማግስት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ድዋይት ጋ ደውለው “የአጎትህን መዶሻና የጀልባውን ገመድ ይዘህ ና፤ መደገፊያ እንሠራለን” አሉት፤ መጣም፤ እርሳቸውም ከላይኛው ደረጃ ቆመው፣ በእያንዳንዱ ሚስማር እየተሳደቡ አስመቱት።