ሁለት የሆነችው ቤት

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር በሚወጣ ካሚዮን ላይ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት ጉልበቱ ላይ ረጅም ፎቶግራፍ ዘረጋ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄ የኛ ቆላ አይደለም?»

«ነው፣ እትዬ። አሠሪዬ ጣሊያኑ ተራራው ላይ ቆሞ፣ እየዞረ በሦስት ፎቶ አነሳው። ቆርጬ በሙጫ የምገጥመው እኔ ነኝ።»

«ያቺ ወንዙ ዳር ያለችው ቤቴ ናት! አጠገቧ ደግሞ ሌላ ቤት ቆማለች።»

«እሷም የእርስዎው ናት። ጎን ለጎን በገጠምኳቸው ሁለት ፎቶዎች ላይ ገብታ ነው። ጠርዝ ላይ ያረፈ ነገር ይለጠጣል፤ ለዚህ ነው ያቺኛዋ የተንጋደደችው።»

«እኔ ደግሞ ሰው የተመለሰ መስሎኝ! መንደሩ ከተቃጠለ ወዲህ ብቻዬን ነኝ።»

«አይዞዎት፣ ስንደርስ አስተካክለዋለሁ። የተንጋደደችውን ቆርጬ አወጣታለሁ።»

«ተዋት፣ ልጄ።»

«ስህተት ናት እኮ፣ እትዬ። ጣሊያኑ ይቆጣኛል።»

«ተንጋዳም ቢሆን ትኑር። ወረቀቱ ላይ እንኳ ጎረቤት ይኑረኝ።»

እኔ ፊቴን ወደ ቆላው አዞርኩና ወንዙ ዳር ያለችውን አንዲት ጣሪያ ተራራው እስኪጋርዳት ድረስ በዓይኔ ተከተልኳት።